ከደጄ የነቀልኩት ሳይን

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለጋሼ ጥላዬ፤

ጉልበትዎ እንዴት ነው? እኛ ዲኬተር ያለነው ደህና ነን፣ ተመስገን።

እዚህ አገር ዳኛም በምርጫ ነው ስልዎ ስቀውብኝ ነበር። ባለፈው ወር መረጥን። የእኛ ዳኛ ቀድሞ ዐቃቤ ሕግ የነበረች፣ ወንበሩ ላይ ዐሥራ ሁለት ዓመት የቆየች ሴት ናት። ተፎካካሪዋ ጠበቃ ግን የቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ድረስ መጥቶ ሽሮውን በእጁ ሲበላ አንጀታችንን በላ። እኔማ ስሙ ያለበትን ትልቁን የቅስቀሳ ሰሌዳ፣ ሳይን የሚሉትን፣ ደጄ ተከልኩ። አጠገቡም ቆሜ ፎቶ ተነሣሁና «ይቺ ሴትዮ ይብቃት!» ብዬ ፌስቡክ ላይ ፖስት አደረግኩ።

እሷው አሸነፈች።

ኤርሚያስ ልጄ ደህና ነው። ሰሞኑን መኪና ስለማይነዳ ኖርክሮስ ሥራው ድረስ እኔ አደርሰዋለሁ። ሙሉ ልብስም ገዛሁለት፤ ሰርግ እንኳ የለብንም። ማክሰኞ «ሰኔ ሃያ ቅረብ» የሚል ደብዳቤ መጣለት፤ ሳነበው ከታች የሴትዮዋ ስም አለ። ወዲያው ወጥቼ ሳይኑን ነቀልኩ፣ ፖስቱንም ዲሊት አደረግኩ። ልጁ «ማሚ፣ እሷ እኮ ያንቺን ፌስቡክ አታይም» ብሎ ሳቀብኝ። ምሳውን ግን አልበላም።

ጋሼ፣ እርስዎ ደብረ ብርሃን ሠላሳ ዓመት ፈርደዋል። እስቲ እውነቱን ይንገሩኝ፤ በአደባባይ የሰደበዎትን ሰው ስም ያስታውሱ ነበር?

ለባለቤትዎ ለእትዬ ወለተሥላሴ እጅ ነስቻለሁ ይበሉልኝ፤ ይህቺን ጥያቄ ግን አያንብቡላቸው። መልሱንም በደብዳቤ አይላኩ፤ ከሰኔ ሃያ በፊት ይደውሉልኝ።

እህትዎ ዘሪቱ