በልኬ የተሠራ ቤት

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ ፯ ቀን

ውድ አባዬ፣

እንዴት ሰነበትክ? ወገብህ ዳግም እንደያዘህ ወንድሜ በስልክ ነገረኝ፤ አንተማ ብትሞትም አትነግረኝም። እኔ ደህና ነኝ። ደጅ ስጠና ከርሜ ጫማ ከመጨረሴ በቀር የጎደለብኝ የለም።

ውላችንን አልረሳሁም። እስከ ወሩ መጨረሻ ሥራ ካላገኘሁ ወንድሜ መጥቶ ሊወስደኝ፣ እኔም ላልከራከር ቃል ሰጥቼሃለሁ። ስለዚህ የሆነውን ልንገርህ።

መጀመሪያ የሄድኩበት ስፌት ቤት ባንኮኒው ከእኔ ይበልጣል። ጸሐፊዋ ድምፄን ብቻ ሰምታ "ማን ነው?" እያለች ግራ ቀኝ ትፈልጋለች። ጎንበስ ብላ ስታየኝ ቦታው ተይዟል አለች። ቀጥሎ የጠረጴዛ ልብስ የሚሰፋ ይፈልጋሉ ተብዬ አንድ ምግብ ቤት ሄድኩ። ሰውዬው ገና ሲያየኝ ፊቱ በራ። ለካስ ቀይ ባርኔጣ አድርጌ በር ላይ እንድቆምለትና ልጆች አብረውኝ ፎቶ እንዲነሱ ኖሯል ያማረው።

"ሳትለፊ የምትበዪው እንጀራ ነው" አለኝ።

"እኔ ለፍቼ ነው የምበላው። ባርኔጣውን እርስዎ ያድርጉት፣ ያምርብዎታል" ብዬው ወጣሁ። ውጪ ስደርስ ግን አለቀስኩ፤ ለምን እዋሽሃለሁ። ካለቀስኩ በኋላ እልህ ያዘኝ።

ትናንት የተማሪ ዩኒፎርም የሚሰፋበት ቤት ገባሁ። ባለቤቷ ወፍራም መነጽር ያደረጉ ሴትዮ ናቸው። "ነይ የኔ ልጅ" ብለው ሜትራቸውን ከአንገታቸው አውርደው ትከሻዬንና ክንዴን ለኩ።

"ስንተኛ ክፍል ነሽ?"

"ትምህርት ከጨረስኩ ቆየሁ፣ እትዬ። የመጣሁት ሥራ ፍለጋ ነው።"

የሚገቡበት ጠፋቸው። እኔ ሳቄ አመለጠኝ፣ ኋላ እሳቸውም ሳቁ። ሥራውን ግን በሳቅ አልሰጡኝም። "ምን ላድርግሽ ልጄ፣ እግርሽ ከመርገጫው አይደርስም" አሉ።

ያኔ በቤታችን የስፌት መኪና መርገጫ ላይ የምናስረውን፣ አንተ የሠራህልኝን እንጨት ከቦርሳዬ አወጣሁ። አስሬው ተቀመጥኩና አንድ ኮሌታ ሰፋሁ። ሴትዮዋ ገልብጠው ውስጡን አዩት፣ ስፌቱን በጥፍራቸው ጫር ጫር አደረጉት።

"ኮሌታው ይሁን። የመቁረጫው ጠረጴዛ ላይስ በምን ትደርሻለሽ? እዚህ የሚሰፋ ሁሉ ይቆርጣል።"

"አባቴ አናጢ ነው" አልኳቸው።

"እንግዲያው ነገ ነይ።"

ዛሬ የለስላሳ ሳጥን ገልብጬ፣ እሱ ላይ ቆሜ ስቆርጥ ዋልኩ። ሁለቴ ሊጥለኝ ነበር፤ ጨርቁ ግን አልተበላሸም። እና አባዬ፣ ባለ ሁለት ደረጃ መቆሚያ ሥራልኝ። ከጠረጴዛው ዳር እስከ ዳር እንድሄድበት ረዘም ይበል። ቁመቴን አልጽፍልህም፣ ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ። ወንድሜም እንዳሰበው ይምጣ፤ መቆሚያውን አድርሶልኝ ብቻውን ይመለሳል።

እቤት ከውጪ የሚከፈተውን የበሩን መወርወሪያ፣ መደርደሪያውን፣ ዕቃ ማጠቢያውን ሁሉ ለእኔ ብለህ ዝቅ አደረግህ። እዚያ ቤት አጭር መሆኔ ትዝ ሳይለኝ ነው ያደግኩት። በጣም ይናፍቀኛል። ግን አንተ አሁን ብቻህን ማጠቢያው ላይ ጎንበስ ስትል በዓይኔ እየመጣ እንቅልፍ ነሳኝ። መቆሚያዬን ስትጨርስ መሣሪያህን ሳታስቀምጥ ማጠቢያውን ወደ ራስህ ቁመት መልሰው። መደርደሪያውንም ከፍ አድርገው።

የበሩን መወርወሪያ ብቻ እንዳለ ተወው። ልጠይቅህ ስመጣ ሳላንኳኳ እንድገባ።

ለወገብህ እግዜር ምሕረት ያውርድልህ፣ እጅህ ይባረክ።

ልጅህ፣
ቁንዶ በርበሬህ