ማሽኑ «አያድግም» ያለው

ናዝሬት፣ የካቲት 1982 ዓ.ም.

ውድ ሸዋወርቅ፣

ይህን ደብዳቤ በፖስታ ቤት አልላክሁትም። ሹፌሩ አብዱናሲር በወለንጪቲ ሲያልፍ እናትሽ ቤት ያደርስልሻል። ኤንቨሎፑ የታሸገበትን ቦታ እዪው። ተከፍቶ እንደገና የተጣበቀ ከመሰለሽ ደብዳቤውን አንብበሽ አቃጥዪው። አብሮት ያለውን ወረቀት ግን አታቃጥዪ።

ቤተ ሙከራው እንደተውሽው ነው። ነጭ ጋዋንሽ ከበሩ ጀርባ ተሰቅሏል። ትናንት ኪሱን ፈተሽሁት። ባዶ ነው። ለምን እንደፈተሽሁ አትጠይቂኝ።

ያን የቆቃ ባክቴሪያ «ጾመኛው» ትዪው ነበር። ከላይፕዚግ የመጣልንን አርባ ገጽ የጂን ዝርዝር፣ ይኼኛው ጂን ይኼን ምግብ ወደዚያ ይለውጣል እያልሁ አንድ በአንድ ወደ ኮምፒዩተሩ ሳስገባ፣ አንቺ ከኋላዬ ቆመሽ ብርቱካን ትልጪ ነበር። ስድስት ወር። በመጨረሻ ማሽኑ ተናገረ፦ ሂስቲዲን የሚባለው ንጥረ ነገር ካልተሰጠው አያድግም፤ ራሱ የሚሠራበት ጂን የለውም።

«ጌሤ፣ ዝርዝሩ ላይ ክፍት የተተወው ቦታ እኮ ገና ያልተነበበ ነው። ያልታወቀና የሌለ አንድ ናቸው እንዴ?» አልሽኝ።

«ማሽኑ ክፍት ቦታ አይገባውም፤ ዜሮ ነው የሚገባው።»

«እንግዲያው ስገድለት!» ብለሽ ሳቅሽ።

ሳቅሽን አልወደድሁትም።

ባክቴሪያውን የዘራንባቸውን ሳህኖች ያለ ሂስቲዲን ማሞቂያ ሳጥኑ ውስጥ ያስቀመጥነው ዓርብ ነው። ሰኞ ጠዋት ከሚኒስቴሩ በመጡት እንግዶች ፊት ክዳኑን ሳነሳ፣ ሳህኑ በነጫጭ ነጠብጣቦች ተሞልቷል። አድጓል። አንዱ እንግዳ አሳለ። ኃላፊያችን ጓድ ዘገዬ ወደ እኔ ዞረው «ማነው የነካው?» አሉ።

«ሸዋወርቅ እሑድ ገብታ ነበር» አልሁ። «ትንሽ ጠርሙስ ይዛ።»

ውሸት አልነበረም። እሑድ በሩ ላይ ተገናኝተናል። ጠርሙሱን ወደ ኪስሽ እየከተትሽ «የዓይን ጠብታ ነው፣ ይኼ አቧራ ዓይኔን ፈጀው» ብለሽኛል። ይህን አልነገርኋቸውም። «አሻጥር» የሚለውን ቃል ያወጡት እሳቸው ናቸው። ስንት ጊዜ ለራሴ እንዲህ እንዳልሁ አላውቅም።

ከታገድሽ በኋላ ሙከራውን ብቻዬን ደገምሁት። ሳህኖቹን ራሴ አጠብሁ። ክፍሉን ቆልፌ ቁልፉን አንገቴ ላይ አሰርሁ። የጽዳት ሠራተኛዋን ፋዲላን እንኳ አላስገባኋትም።

«ጋሼ ገሠሠ፣ እኔንም ጠረጠሩኝ?» አለችኝ።

አደገ። ደገምሁት። አደገ። ሦስተኛም። ማሽኑ አሁንም «አያድግም» ይላል። ጾመኛው ሂስቲዲኑን ራሱ ይሠራዋል፤ በየትኛው ጂን እንደሆነ ዝርዝሩ አልደረሰበትም። ዜሮውን የጻፍሁት እኔ ነኝ።

የፊታችን ሰኞ ጉዳይሽ ይታያል። ጓድ ዘገዬ የምስክርነት ቃሌን ይጠብቃሉ። አሻጥረኛ የተባለ ሰው የት እንደሚወሰድ ሁለታችንም እናውቃለን፤ ቃሉን የሚለውጥ ምስክርም እንዲሁ።

አሁንም አንድ ነገር ይቆረቁረኛል። በእውነት የዓይን ጠብታ ነበር ወይስ ሂስቲዲን? አትመልሺልኝ። ብትመልሺ መልስሽን መጠርጠር እጀምራለሁ።

አብሮ ያለው ወረቀት የሦስቱ ሙከራዎች ውጤትና የእኔ ቃል ነው፦ ማንም አልነካውም፤ የተሳሳትሁት እኔ ነኝ። ፈርሜበታለሁ። ሰኞ ጠረጴዛው ፊት ስቆም ይህንኑ ለመናገር አስቤአለሁ። ግን ጉሮሮዬን አውቀዋለሁ። ዝም ካልሁ፣ ወይም ሌላ ካልሁ፣ ወረቀቱን አውጥተሽ ከነስሜ ጮክ ብለሽ አንብቢው።

እንዳታምኚው የሚለምንሽ፣
ገሠሠ