ውሉ የሦስታችን ነው

ለውድ ወንድሜ ለይሄነው፣

ወንድምዓለም፣ እንደምን ሰንብተሃል? ወገብህስ ተሻለህ? በእንጅባራ ብርድ ያደገ ሰው የአዲስ አበባው ብርድ ያዘው ሲባል ያስቀኛል። እመቤትስ? ልጆቹስ? እኔና እናታችን ከናፍቆታችሁ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

«ማኅበሩ ሥራውን ለብቻሽ ከሰጠሽ ፈርሚ፤ እነዚያን ተያቸው» በስልክ ያልከኝን ሰምቻለሁ። ኔትወርኩ ተቆርጦ አዳነህ እንጂ መልሱን ያኔውኑ ትሰማው ነበር።

ከአምሳለና ከክንዴ ጋር ለድንች አምራቾች ማኅበር የምንሠራውን ፕሮግራም ታውቃለህ። የአዘና ገበሬ ድንቹን ጋሪ ላይ ሳይጭን ደውሎ የዳንግላን ዋጋ እንዲሰማ ነው። አሠራሩን አጃይል ይሉታል፤ ትንሽ ሠርቶ ማሳየት፣ አስተያየት ሰምቶ ማረም፣ እንደገና ማሳየት። በየጠዋቱም ቆመን የቸገረንን እንነጋገራለን። እኛ ግን «ምን ቸገረህ?» ስንባል እንደ ሰላምታ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነው» እንል ነበር። ያደግንበት ነዋ! ክንዴ ሥራው አልሄድ ሲለው አፍሮ ዝም አለ፤ እኛም እንዳይከፋው ብለን አልጠየቅነውም። በማሳያው ቀን ስልኩ ገበሬው ሁሉ ፊት ለድንች የሽንኩርት ዋጋ ተናገረ። ተሳቀብን።

የማኅበሩ ሊቀ መንበር አቶ ሽመክት «ክንዴን አባርሩት» ሲሉ አምሳለ ብድግ ብላ፣ የእሷም ሥራ ከቆመ መሰንበቱን፣ አፍራ ዝም ማለቷን ተናገረች። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም። ከዚያ ወዲህ በጠዋቱ ስብሰባ «ደህና ነው» ማለት ክልክል ነው። የከበደው ሲናገር፣ በወንፈል አጨዳ ወደኋላ ለቀረው እንደምንደርስለት፣ የራሳችንን ትተን ወደ እሱ እንዞራለን። ባለፈው ገበያ እንደገና አሳየን፤ ዋጋውን በአማርኛም በአገውኛም ጥርት አድርጎ ተናገረ። ገበሬዎቹ ስልኩን እየተቀባበሉ ደጋግመው ደወሉ።

ሥራው ሲያምር ጊዜ አቶ ሽመክት «ጎበዟ አንቺ ነሽ፤ ውሉን ብቻሽን ፈርመሽ እነሱን ቅጠሪያቸው» አሉኝ። አንተም ከሳቸው ጋር ገጠምክ። አልፈርምም! እኔ አሠሪው ከሆንኩ ክንዴ ነገ ሲከብደው ይነግረኛል? «ደህና ነው» ወደ ማለቱ ይመለሳል፣ ሥራውም እዚያው ላይ ያበቃል። ውሉ በሦስታችን ስም ካልተጻፈ ፕሮግራሙን ይዘን ግምጃ ቤት ከተማ ወዳለው ማኅበር እንሄዳለን ብዬ ፊት ለፊት ነገርኳቸው። «ደፋር ነሽ» አሉኝ። አዎ፣ ነኝ። እስከ ሰኞ ላስብበት ብለዋል፤ ያስቡበት።

እመቤትን ሰላም በልልኝ፤ ልጆቹን ጉንጫቸውን ሳምልኝ። እናታችን «ወገቡን ጠቅልሎ ይተኛ» ብላሃለች። አምሳለና ክንዴም ሰላም ብለውሃል። ተያቸው ማለትህን ነግሬያቸዋለሁ፤ እንዲያም ሆኖ ነው ሰላም ያሉህ።

እህትህ ስሜነሽ
እንጅባራ፣ ግንቦት 8 ቀን 2010 ዓ.ም.