እጃቸውን አውጥተው አባረሩኝ

እህት ዓለሜ፣

እንደምን ሰነበትሽ እትዬ? ጉልበትሽን ተሻለሽ ወይ? አባባስ ሳሉ ተዋቸው? ልጆቹስ? እኔ ደህና ነኝ፤ እበላለሁ፣ እተኛለሁ።

ከምክር ቤቱ ለምን እንደተባረርኩ ከእኔው አፍ እንድትሰሚው ብዬ ነው የምጽፍልሽ። የጤና ሚኒስትሩ፣ አዋላጅ ሆኜ የሠራሁበት ጤና ጣቢያ ታድሷል ብለው ሪፖርት አቀረቡ። የጣቢያው ማዋለጃ ክፍል ግን ዛሬም ጣሪያው ያፈስሳል። ተነስቼ «ዋሽተውናል» አልኳቸው። አፈ ጉባኤው ይቅርታ ጠይቂ አሉኝ፤ እምቢ አልኩ።

በማግስቱ የቤቱን ክብር ደፍራለች ተብሎ እንድባረር ድምፅ ተሰጠ። አጠገቤ የምትቀመጠው፣ ሲያመኝ ቤቴ ድረስ ሾርባ ይዛልኝ የምትመጣው ሴትዮ፣ እጇን ስታወጣ አየኋት። ዓይኗን ከጠረጴዛው አላነሳችም። አልተናደድኩም። የወገቤን ትራስ ይዤ ወጣሁ።

ጠበቃዬ ጉዳዩን ሕገ መንግሥት ወደሚተረጉመው ፍርድ ቤት ወሰደው። ዳኛዋ የምክር ቤቱን ጠበቃ፣ «ሕዝብ የመረጠውን ሰው ስለተናገረ ብቻ ማባረር የሚፈቅድላችሁ የትኛው አንቀጽ ነው?» አሉት። «የቤቱ ክብር…» ብሎ ሲጀምር አቋረጡት። «ገሥጿት፤ ከአዳራሹም ለጊዜው አስወጧት። ወንበሩን ግን የሰጧት መራጮቿ ናቸው፤ እናንተ አትነጥቋትም» አሉና መባረሬን ሻሩት። ጠበቃዬ እልል ሊል ምንም አልቀረው፤ ሲያቅፈኝ እንደ እንጨት ቆምኩለት።

ትናንት ተመለስኩ። ሴትዮዋ ጠጋ ብላ፣ «ልጆች አሉኝ እኮ» አለችኝ። «አውቃለሁ» አልኳት። ተራዬ ሲደርስ ስለ ጤና ጣቢያው እንደገና ጠየቅኩ፤ ድምፄ ከሌላ ሰው ጉሮሮ የሚወጣ ይመስለኝ ነበር። ሚኒስትሩ ወረቀታቸውን ሲያገላብጡ ቆዩና፣ «አልታደሰም» አሉ። ወደሚቀጥለው አጀንዳ ታለፈ።

ባልሽን ሰላም በይልኝ፤ ሥራ አያብዛ። ትልቋን ሳሚልኝ፤ ነገረኛውን ትንሹንም ጆሮውን ቆንጥጠሽ ሳሚልኝ። ግድግዳ የምንጋራትን ልብስ ሰፊ እንዴት ነሽ በያት። አባባ መባረሬን ከሬዲዮ ሰምተዋል አሉ፤ ስለ መመለሴ ግን ሬዲዮው ትንፍሽ አላለም። በሚሰማቸው ጆሮ በኩል ተቀምጠሽ ይህን አንብቢላቸው። «ደስ አላት?» ካሉሽ፣ ጥያቄውን ደግማለች በያቸው።

እህትሽ
ከምክር ቤቱ ጀርባ ካለችው ኪራይ ቤቴ፣ ረቡዕ መጋቢት 11 ቀን