እሳት እንዳይነካው

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ፦

እንደምን ነህ? ጤናህስ? እንቅልፍህስ? ቅዝቃዜው ወገቤን ያዘኝ ብለህ ነበር፤ ለቀቀህ ወይ? እጅህስ እንዴት ነው? ሥጋ ሲቆራርጥ የሚውል ሰው በቅድሚያ ጣቱን ነው የሚጠየቀው። የምትመግባቸው ውሾችስ እንደምን ከርመዋል? ፀጉራቸው ያበራል? ጥርሳቸው ነጭ ነው? ሆዳቸውን ደህና ናቸው? እነሱን ሳልጠይቅ ወደ ሌላ ወሬ ብሻገር እንደምትቀየመኝ ስለማውቅ ነው።

እኛ ደህና ነን ብዬ ልቀጥል ነበር። ጽፌው ሰረዝኩት። ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነን ማለት ድሮ ይቀለኝ ነበር፤ አሁን እጄ እዚያ ሲደርስ ይቆማል። ስለዚህ የሆነውን ብቻ ልንገርህ። ወረቀት የያዝኩት ስልኬን ስለማታነሳ ነው። ይህን የሚያመጣልህ የጎረቤታችን የልብስ ሰፊዋ ወንድም ነው። እጁ ላይ ሳታስቀምጥለት እንዳትመለስ ብዬዋለሁ። ፊቱ ቆመህ አንብበው አልልህም። ግን አንብበው።

መጀመሪያ እውነቱን ልስጥህ፤ ትክክል ነበርክ። ካልሲን ጥለህብን ስትሄድ ምን ይመስል እንደነበር አትረሳውም። ሲያክክ የሚውል፣ ጎኑ የተላጠ፣ አፉ የሚሸት፣ ከነጫጭ እግሮቹ በቀር ለዐይን የሚሆን ነገር ያልነበረው ውሻ። የሚበላው ከእኛ የተረፈውን ነበር። ከዚያ አንተ እዚያ የሀብታም ውሾች የሚመገቡበት ቤት ሥራ ያዝክና ድምፅህን ትልክልን ጀመር። ትራፊ ይቅር። ዳቦ ይቅር። ጨው ይቅር። የዶሮ አንገት፣ ሥጋ ያለው አጥንት፣ ልብ፣ ትንሽ ጉበት፣ አልፎ አልፎ ዕንቁላል። ሁሉም ጥሬ። ሌላው ሰው ደህና ሁኑ ብሎ እንደሚጨርሰው አንተ «እሳት እንዳይነካው!» ብለህ ነበር የምትጨርሰው።

አክስታችን ሳቀችብህ። «የውሻ ምግብ አብሳይ ሆነ አላችሁኝ፤ ጥሬውን ከሰጠ ምኑን ነው የሚያበስለው?» አለች። ባለቤቴም «አብሳይ አይደለም፣ አስተናጋጅ ነው» አላት። እማዬ ሁለቱንም ተቆጣቻቸው። ልጄ ሥራዬ ብሎ የያዘውን ነው የሚናገረው አለች። በማግስቱ ሥጋ ቤት ሄደች። ባለ ሥጋ ቤቱን ታውቀዋለህ፣ አፉ አያርፍም። ሰው በተሰለፈበት «እማማ፣ ዛሬስ ለማን ነው? ለእርስዎ ነው ወይስ ለጌታው?» ይላታል። እሷም «ለጌታው ነው፤ አንተ የምትሸጠውን የእኔ ጥርስ አይችለውም» ትለዋለች። ሰልፈኛው ይስቃል። ለእኛ ሥጋ ባልተገዛበት ሳምንትም ለካልሲ ተገዝቷል። ይህን ለወቀሳ ብዬ አልጻፍኩትም። ወይም ጽፌዋለሁ።

ብዙም ሳይቆይ ማከኩን ተወ። የተላጠው ጎኑ ፀጉር አወጣ፤ ጥቁሩ ፀጉሩ እንደተወለወለ ጫማ ሆነ። የአፉ ሽታ ጠፋ። ሰው ሲያየው የሚያውቅ ይመስል በደጅ ሲያልፍ እንኳ ቀስ እያለ ነበር። እማዬ ለብቻው መክተፊያ ገዛችለት፣ ለብቻው ቢላ። ሥጋውን በየዕለቱ ድርሻ ከፋፍላ በረዶ ውስጥ ታስቀምጣለች፣ ከነካካችው በኋላ እጇን በሳሙና ደጋግማ ትታጠባለች። አንተ እንዳልከው። ሁሉንም አንተ እንዳልከው።

እማዬ ዕድሜዋን በሙሉ የሆስፒታል ምግብ ስታበስል እንደኖረች አንተም ታውቃለህ። ግን የምታውቀው እንደ ወሬ ነው፤ አንተ ነፍስ ስታውቅ እሷ ጡረታ ልትወጣ ነበር። እኔ ከትምህርት ቤት የምሄደው ወደዚያ ነበር። ቁመቴን የሚያክሉት ድስቶች፣ ላብ የሚያንጠባጥበው ግድግዳ። በሹካ ወግታ ሳታየው ከድስት የወጣ ሥጋ አልነበረም። እዚያ ቤት ጥሬ የሚለው ቃል ስድብ ነበር። አንዷ ረዳቷ ያልበሰለ ድንች አወጣች ብላ «በሽተኛ ላይ ጥሬ ትደፊያለሽ? እናት የለውም ብለሽ ነው?» ስትላት ሰምቻለሁ። እናት የለውም ብለሽ ነው። ሰው መውደዷን በሌላ መንገድ ስትናገር ሰምተሃት ታውቃለህ? እኔ አልሰማኋትም።

ብርዱ ሲገባ ካልሲ ማሳል ጀመረ። ቀለል ያለች ሳል። እኔ የሰው ሸሚዝ ስተኩስ ነው የምውለው፤ ባለቤቴም መኪናው ላይ ነው። ቤት የሚውሉት እሷና ውሻው ናቸው። ገና በረዶው ያልለቀቀው ሥጋ፣ ለሚያስል ፍጥረት። እሱ ደግሞ ዐይን ዐይኗን ያያታል። ቀቀለችለት። የዶሮ አንገቱንም፣ የጎድን አጥንቱንም። «የልጄን አደራ ጥሬ ሳበላው ከረምኩ፤ በዚህ ብርድ አንድ ቀን እንኳ ትኩስ ይቅመስ ብዬ ነው» አለችኝ በኋላ። በልቶ እጇን ላሰላት። ይህንንም ነግራኛለች፣ ፈገግ ብላ፤ ያኔ ገና ፈገግ ትል ነበር።

የተቀረውን ሥራህ ስለሆነ ታውቀዋለህ። ሆዱ ተነፋ፣ አላስቀምጥ አለው፣ ጀርባውን አጉብጦ እየቆመ ያቃስታል። የእንስሳት ሐኪሙ ራጅ አንስቶ አሳየኝ። አንጀቱ ውስጥ ነጫጭ ስንጥሮች። «ጥሬ አጥንት ቢሆን ኖሮ ሲያኝከው ይደቅለት ነበር፤ የበሰለው ግን እንደ መስታወት ነው የሚሰነጠረው። ማነው የቀቀለው?» አለኝ። እኔ ነኝ አልኩት። ለምን እንደዋሸሁ አላውቅም። በማያውቃት ሰው ፊት እንኳ ስሟ እንዳይነሳ ይሆናል። ካልሲ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ሞተ። ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ «ቤት ውስጥ የሚያዝን ሰው ካለ እርጅና ነው በሉት» አለኝ። ለእማዬ እርጅና ነው አልኳት። ያን ቀን ብቻ ውሸቴን አመነችኝ።

ላንተ ግን እውነቱን ጻፍኩልህ። አዋቂ ነው፣ ሥራው ነው፣ ይሸከመዋል ብዬ። እንዳትነግራት ብዬህም ነበር። አሁን ሳስበው መልእክቱን ያነበብከው እስከ መሃሉ ብቻ ነው።

ደወልክ። ጆሮዋ ስለደከመ ድምፁን ለቅቃው ነበርና ሁላችንም ሰማንህ። ልታጽናናህ ተዘጋጅታ ነበር፣ ወንድሜ። ጠዋቱን ሙሉ ሌላ ቡችላ እናሳድግልሃለን ስትል፣ አይ እንደሱ አይባልም ስትል፣ ለብቻዋ ቃል ስትመርጥ ነበር። አንተ ግን እንደምን አደርሽ እንኳ አላልክም። «አንድ ነገር ነው የለመንኩሽ። አንድ! እሳት እንዳይነካው አልኩሽ። ቀቅለሽ ገደልሽው» አልክ።  ይህም አልበቃህም። «እዚያ ሆስፒታልስ ስንቱን ገደልሽ?» አልክ።

እሷም «እሺ» አለች። እሺ ብቻ። ከዚያ «አንተስ በላህ?» አለችህ። መልስ ሳትሰጣት ዘጋህ። እሷ ግን ስልኩን ይዛ ትንሽ ቆየች፤ ምናልባት እያሰብክ ነው ብላ።

መጀመሪያ ኀዘን መስሎኝ ነበር። ለውሻው። ከዚያ አንድ ምሽት ከሥራ ስገባ ገበታው ላይ የተላጠ ድንች በሳህን፣ በቀጫጭኑ ተቆርጦ፣ አምሮ ተደርድሮ። ጥሬውን። ባለቤቴ ቀልድ መስሎት አንዱን አነሳና አኘከ፣ ከዚያ ፊቷን አይቶ አስቀመጠው። «ይቀቀል እንዴ? ማንም አልነገረኝም እኮ» አለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ሁሉንም ነገር ትጠይቃለች። ይህ እሳት ይንካው? ይህስ ይተው? ውኃ ለማፍላት ትጠይቃለች። አንዳንዴ ስገባ ምድጃው አጠገብ ክብሪት ይዛ ቆማ አገኛታለሁ። አልጫረችውም። ክብሪቱን ከእጇ ስወስድ አትከለክለኝም።

አትበላም። ዳቦ ውኃ ውስጥ ነክራ ትቀምሳለች፣ እሱንም እኔ ስቆምባት። ቀሚሷ ትከሻዋ ላይ አልቆም ብሏል። ጤና ጣቢያ ወሰድኳት፤ ሕመም የለባትም አሉኝ። ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ሌላ ነው። የጥያቄህን መልስ እየፈለገች ነው። ስንቱን ገደልሽ ብለሃታልና ስንቱን እንደሆነ እያሰላሰለች ነው። ልብስ እያጠፍኩ ሳለሁ ከኋላዬ መጥታ «ያ መስኮት ሥር ይተኛ የነበረው አስተማሪ ትዝ ይልሻል? ሾርባዬን ጠጥቶ በነጋታው አይደል የሞተው?» ትለኛለች። እማዬ፣ እሱን መኪና ነው የገጨው እላታለሁ። «ቢሆንም ጠጥቶ ነበር» ትላለች። ሌላ ቀን ደግሞ አንዲት አራስ። ሌላ ቀን አንድ ሕፃን። ልጁ ጨርሶ ምግብ ያልጀመረ ነበር፣ ራሷ ነበረች የነገረችኝ ድሮ። አሁን ግን ከመካከላቸው አስገብታዋለች።

አንተ ለእኔ የላክኸው አንድ መልእክት ብቻ ነው፤ ገና አልበረደልኝም የሚል። ይብረድልህ። እዚህማ ከበረደ ቆየ። ምድጃው በርዷል፣ ቤቱ በርዷል፣ ሌሊት እግሯን ስነካው እሱም በርዷል።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ለምን እንደሆነ ስለምን አልነገርካትም? ያን ሁሉ ድምፅ ስትልክ፣ ጉበት አታብዙ ስትል፣ ቢላው ለብቻ ይሁን ስትል፣ አጥንት ሲበስል ይሰነጠራል ለማለት ስንት ትንፋሽ ይፈጅብህ ነበር? በእሳት የኖረችን ሴት እሳት አታስነኪ ብለህ አዘዝካት፤ ምክንያቱን ለራስህ አስቀረኸው። ሥራ ቦታህም እንዲሁ ያዙሃል መሰለኝ። አድርግ፣ አታድርግ። እኛ ግን ያንተ ተቀጣሪዎች አልነበርንም።

ሐኪሙ ተሳስቻለሁ ብሏል፣ አጥንቱ አይደለም ብሏል ብዬ ዋሸኋት። አየችኝ። «ሐኪም ሊሳሳት ይችላል፤ ልጄ ግን ሥራው ነው» አለችኝ። እንግዲህ ከዚህ በኋላ እኔ ምን ልበላት?

ስለዚህ ትደውላለህ። ይቅርታ እንዳትጠይቃት። ይቅርታ ካልካት እውነት ገድያለሁ ማለት ነው፣ ለእናትነቴ ብሎ ነው የተወኝ ትላለች። ዋሽ። ሥራ ቦታ የሚያውቁትን ጠየቅኩ፣ የሳሉ በሽታ ነው የገደለው አሉኝ፣ ቢቀቀልም ባይቀቀልም መሞቱ አይቀርም ነበር በላት። ሆስፒታሉን አንሳ፤ ስሙን ጠርተህ፣ የዳኑትን አንሳ። ድምፅህ አይንቀጥቀጥ። እኔ ስዋሽ ወዲያው ታውቅብኛለች፤ አንተ ስትዋሽ ታምንሃለች። ከልጅነታችንም እንደዚያ ነበር፣ አሁን ለመጀመሪያ ጊዜ ይጥቀመን።

ካልደወልክ አንድ ቀን እኔ በማታውቀው ቁጥር እደውላለሁ፣ አንተም ታነሳለህ። ያን ቀን የምልህን ከወዲሁ ተለማምጄዋለሁ። አጭር ነው። የሚጀምረውም በእንደምን አደርክ አይደለም።

አክስታችን ለአስተናጋጁ ሰላም በይልኝ ብላለች። ሳትስቅ ነው ያለችው። ባለቤቴ ምንም አላለም፤ እኔም በስሙ ሰላምታ አልጨመርኩም። ትንሿ ልጄ ካልሲ የት ሄደ እያለች ስታስቸግረኝ አጎትሽ ጋ ሄደ ብያታለሁ፤ ስለዚህ አጎቴ ካልሲን ይሳምልኝ ብላሃለች፣ አንተንም።

እማዬ አሁን ገብታ ለማን እንደምጽፍ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ብዙ ካሰበች በኋላ ሰላም በይልኝ አለች፤ ከዚያ ይህንንም ጨምሪ አለችኝ። ቃሏን አልነካካሁትም፤ እንዲህ ነው ያለችው፦ «ሲመጣ ምን እንደሚበላ ይጻፍልኝ። ጥሬም ከሆነ እለምደዋለሁ።»

እህትህ
ከእማዬ ክፍል፣ ረቡዕ፣ ኅዳር 18 ቀን