ሻዩም ይቆጠር

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለኪፕላጋት፤ የዶሃ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኛ ካፕሳቤት ዝናቡ አልጨከነብንም፤ ላሞቹም እናታችንም ደህና ናቸው።

ስለ መመረቂያ ጥናቴ ጠይቀኸኝ ነበር። ወተት ከገበሬው ቤት ፋብሪካ እስኪደርስ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ገበሬዎቹንም አመላላሾቹንም ጠይቄ ጨርሼ ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን ከወተት አመላላሹ ከቼሩዮት ጋር ሞተር ላይ ተፈናጥጬ ሄድኩ። በየደረስንበት ሻይ ቀረበልን፤ እምቢ ማለት ነውር መሆኑን ታውቃለህ። ፋብሪካው በር ስንደርስ ስንት ሰዓት እንደፈጀበት ጠየቅኩት። የነገረኝ እኔ በሰዓቴ ከያዝኩት ግማሹን ብቻ ነው።

"ሻዩስ?" አልኩት።

"አንቺ ልጅ፣ ሻይ መጠጣት መንገድ ነው እንዴ? ሞተሩ እኮ ቆሟል!"

ገበሬዎቹ ደግሞ የሚቆጥሩት ካለቡበት ጀምረው ነው። እኔ ሁሉንም አንድ ነገር መስሎኝ ደምሬዋለሁ።

አማካሪዬ ዶክተር ዋፉላ ሲሰማ ሳቀና፣ "አሁን ገና ተመራማሪ ሆንሽ! በይ እንደገና ጀምሪ" አለኝ። ጥያቄውን "ከታለበበት እስከ ፋብሪካው በር፣ ሻዩም ይቆጠር" ብዬ አስተካከልኩት። በአንድ መንደር ስሞክረው ገበሬዎቹም ቼሩዮትም ተቀራራቢ መልስ ሰጡኝ። ደስታዬን ባየህ! የቀሩት መንደሮች ብዙ ናቸው፤ መንገዱም ጭቃ ነው።

እናታችን ለምርቃቴ የምትለብሰውን ቀሚስ አሰፍታ በየቀኑ ትለካዋለች። እኔም "አምሮብሻል" እላታለሁ። አንተ ግን ለምርቃቱ ብለህ ከሥራ ፈቃድ ካልጠየቅክ አትቸኩል። ከክረምቱ በኋላ አገሩ ደስ ይላል፤ ያኔ ብትመጣ ይሻላል።

ሰላምህ ይብዛልኝ።

እህትህ ጄሩቶ