በቅርጫት የወረዱ ፊደላት

ሲን ኤል ፊል፣ የካቲት 16 ቀን 1991 ዓ.ም.

ውድ ተዋበች፣

ነፍስሽን በአብርሃም አጠገብ ያኑርልኝ። ላረፈ ሰው ደብዳቤ መጻፍ ሞኝነት እንደሆነ አላጣሁትም። ግን በሕይወት ብትኖሪ ኖሮ የዛሬውን መጀመሪያ የምነግረው ላንቺ ነበር፤ ሌላ ሰው አልመጣልኝም።

ሚሚን ታስታውሻታለሽ፣ ፊት ለፊታችን ባለው ሕንጻ አራተኛ ፎቅ በአረብ ቤት የምትሠራውን። ዛሬም አሠሪዋ ማዳም ቆልፋባት ነው የምትወጣው። ከጣሪያ ላይ ልብስ ስታሰጪ ውዳሴ ማርያም ትዪላት ነበር፣ እሷም በረንዳ ላይ ሆና ትቀበልሽ ነበር። አንቺ ስታርፊ ያ ድምፅ ተቋረጠባት። የጽዋ ማኅበራችን አባል ናት፤ ግን ከቤት ስለማትወጣ ተራዋ ሲደርስ ሁልጊዜ እንዘላታለን። ስለዚህ ውዳሴ ማርያሙን በወረቀት አትመን ለኪዳነ ምሕረት በዓል ልናደርስላት ተስማማን፤ መጽሐፉ እዚህ አይገኝም። ማኅበሩን የምመራው ሙሴ ካንቺ በኋላ እኔ ነኝ።

የሕንጻችን አንደኛ ፎቅ ያለው ቢሮ አሮጌ ኮምፒውተር ሲጥል ዘበኛቸው ነኝና «ናጡር፣ ውሰደው» አሉኝ። ባዶ ነበር። ዶራ ሰፈር ኮምፒውተር የሚጠግነው ስለሺ መጥቶ ሁለት ዲስክ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ።

«ጋሽ እጅጉ፣ እንዲሁ እንዳለ ሬሳ ነው። ነፍስ የሚዘራበት ከነዚህ አንዱ ነው። ይሄ ዊንዶውስ ነው፤ ዋናው በገንዘብ የሚሸጥ ነው፣ ይሄ ቅጂ ግን ተሰርቆ የተቀዳ። ያኒ፣ ማለቴ፣ ሰፈሩ ሁሉ የሚሠራው በቅጂ ነው። አማርኛውም አብሮ አለ፣ ነገ ታትማላችሁ።»

«ያኛውስ?»

«ሊኑክስ ይባላል። በየአገሩ ያሉ ሰዎች ሠርተው በነጻ የለቀቁት ነው። አሠራሩ እንኳ አልተደበቀም። ቅዳው፣ አሻሽለው፣ ለሌላ ስጠው ይላል። ግን የኛ ፊደል የለበትም፤ እኛው መሥራት አለብን።»

«ሰዎቹ ይተዋወቃሉ?»

«አብዛኞቹ ተያይተው አያውቁም።»

ተዋበች፣ ዲስኩን አንስቼ አገላበጥኩት። ባሕር ማዶ ያለ፣ ስሜን የማያውቅ ሰው፣ ደክሞ ሠርቶ በሩን ክፍት ትቶልኝ ሄደ። «በከንቱ ተቀበላችሁ፥ በከንቱ ስጡ» የሚለውን ስንት ጊዜ ሰምቼ አልፌዋለሁ። ሰው በእውነት ያደርገዋል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም ነበር።

ማኅበርተኛችን ሕይወት እሑድ የዕረፍት ፈቃዷ ስለነበር አብራን ተቀምጣ ነበር። «ሙሴያችን፣ ኸላስ፣ በቃ፣ የተቀዳውን አስጭነው» አለችኝ። «ሚሚ የምትጠብቀው ጸሎት ነው። ያንተን ጽድቅ አይደለም።»

ነገሯ አጥንቴን ነካኝ። ስለ ሚሚ ነው የማስበው ወይስ ስለ ራሴ ንጽሕና? ዛሬም አጥርቼ አላውቀውም።

«ጽዋ የተቀበለ ለቀጣዩ ያሳልፋል» አልኳት። «የተሰረቀውን ለማን እናሳልፋለን?»

«እሺ። በዓሉ ካለፈባት ግን አንተው ትነግራታለህ።»

ስለሺ ሊኑክሱን ጭኖ የፊደል አሠራሩን አሳየን። ባለ ካሬ ወረቀት ነው፤ አንዳንዱን ካሬ ማጥቆር፣ ሌላውን መተው። ሕይወት አንገቷን አስግጋ አየችና ሳቀች።

«ይሄማ ጥልፍ ነው። ክር ቆጥሮ መጥለፍ። ጥልፍ ከሆነ ደግሞ ሚሚን የሚያህል የለም።»

በማግስቱ ከሚሚ በረንዳ ሥር ቆምኩ። አትክልት የሚሳብበትን ቅርጫት በገመድ ስታወርድልኝ ባለ ካሬ ወረቀትና እርሳስ ከተትኩበት።

«ሚሚ፣ ጸሎቱ ለኪዳነ ምሕረት ላይደርስ ይችላል። ፊደሉ ገና ነው። አንቺው ካሬውን እያጠቆርሽ ካልጠለፍሽው።»

«ጋሽዬ፣ እኔ የት እሄድብሃለሁ?» አለች። «ላከው።»

ከዚያ ወዲህ ማዳሟ በወጣች ቁጥር ቅርጫቱ ፊደል ይዞ ይወርድ ጀመር። «ሀ» እጆቿን ወደ ላይ ዘርግታ፣ «መ» ሁለት ጉንጯን ነፍታ፣ ሁሉም እንደ ቀሚስ ጥልፍ ተስተካክለው። ስለሺ የመጀመሪያዋን «መ» ሲያስገባትና የኮምፒውተሩ መስታወት ላይ ብቅ ስትል ሳላስበው አማተብኩ። እሱም አልሳቀብኝም።

«ሌላው እንዲጠቀምበት ወደ ሊኑክስ ሠሪዎች ልላከው?» አለ። «የሠራው ሰው ስም አብሮ ይጻፋል።»

ወርጄ ሚሚን ጠየቅኳት። ወደ ቤቱ በር ዞር ብላ አየች።

«ስሜን ጻፉት። ቤቱን ግን ተዉት፣ ማዳሜ እንዳትሰማ።»

እሷ ከበሩ አልወጣችም፣ ተዋበች። በእጇ የሠራችው ግን በስሟ ወጣ፤ እኔና አንቺ የማናውቀው አገር ገባ።

ዛሬ ኪዳነ ምሕረት ነው። ከውዳሴ ማርያሙ የደረሰው የሰኞው ጸሎት ብቻ ነው። ማኅበርተኞቹ በረንዳው ሥር ተሰብስበን ወረቀቱን በቅርጫት ሰደድንላት። በራሷ ፊደል የተጻፈውን ጮክ ብላ አነበበችው፤ አንቺ ትይዢው በነበረው ዜማ። ስትጨርስ ቅርጫቱ ተመልሶ ወረደ። በንጹሕ ፎጣ የተሸፈነ ሖብዝ፣ የአገሩ ቂጣ፣ ነበረበት።

«ከራሴ ድርሻ ያስቀመጥኩት ነው» አለች ከላይ። «የዛሬው ማኅበር የኔ ነው። ባርከህ ቁረሰው፣ ሙሴ።»

ቆረስኩት። መንገድ ላይ ቆመን በላን። ሕይወት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነበር የበላችው። ሚሚ በበረንዳው ብረት ላይ ጎንበስ ብላ፣ ድግስ እንዳወጣ ሰው ሁሉ፣ «ለሚቀጥለው ጽዋውን ማን ያነሳል?» ስትል ጠየቀች።

አንቺ ልብስ ታሰጪበት የነበረውን ጣሪያ ቀና ብዬ አየሁና እጄን አነሳሁ።

ወደ አንቺ መንገድ ላይ ያለሁ ባልሽ፣
እጅጉ